ወፉ ለምን ይሳሳታል? ዕጣ እየጣለ የሚማረው አንጎል

ዘብራ ፊንች የሚባል ትንሽ ወፍ አለ። አገሩ አውስትራሊያ ነው። የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ሲሆን ዜማውን ይዞት አይወለድም፤ ከአባቱ ይማረዋል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ አፉን ይፈታል። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ይኮላተፋል። አንዴ ያስረዝመዋል፣ አንዴ ያሳጥረዋል፣ አንዴ ያቀጥነዋል፣ አንዴ ያወፍረዋል። ሁለት ጊዜ ዘምሮ አንድ ዓይነት አይወጣለትም። 3 ወር ገደማ ሲሞላው ግን ዜማው ይረጋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሚዘምረው ያንኑ ነው።

ይህን መኮላተፍ ያየ ሰው የልጅነት ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ጡንቻው አልጠናም፣ አንጎሉም አልበሰለም፤ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

በ2005 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቤንሴ ኦልቬትስኪ፣ አሮን አንዳልማን እና ሚካኤል ፊ የሠሩት ሙከራ ሌላ ነገር አሳየ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በወፉ አንጎል ውስጥ ኤልማን የሚሉት ክፍል አለ። ሦስቱ ተመራማሪዎች ይህን ክፍል በመድኃኒት ለጊዜው አደነዘዙት። ጎረምሳው ወፍ ወዲያው መዋዠቁን ተወ። አሁንም ያልተማረው ዜማ ነው፣ ግን ያንኑ ያልተማረውን ዜማ እየደጋገመ አንድ ዓይነት አድርጎ ይዘምረው ጀመር። መድኃኒቱ ሲለቀው መኮላተፉ ተመለሰ።

ነገሩን ቆም ብለን እንየው። ድክመት ቢሆን ኖሮ አንድ የአንጎል ክፍል ሲዘጋ ዜማው ይብስበት ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ መዋዠቁን ሆን ብሎ የሚያመርት ክፍል አለ ማለት ነው። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ ሳራ ቦትጀር እና ባልደረቦቿ ይህንኑ ክፍል ጨርሰው ሲያጠፉት አንድ እንቆቅልሽ ገጥሟቸው ነበር። ዜማውን ጨርሶ የተማረ ትልቅ ወፍ ምንም አልሆነም። ገና በመማር ላይ ያለው ግን ዜማውን በወጉ ሳይማር ቀረ። ሁለቱን ሙከራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መልሱ ብቅ ይላል። ወፉ የሚማረው እየተሳሳተ ብቻ አይደለም፤ የሚማረው በመሳሳቱ ነው።

ይህ የወፍ ወሬ ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚነሱት ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱን በቀጥታ ይነካል። ማሽኖቻችን የሚማሩበት መንገድና አንጎል የሚማርበት መንገድ አንድ ናቸው? ካልሆኑስ አንጎል በምን ሕግ ይማራል?

ወጡ ጨው በዛበት

የዛሬዎቹ ማሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚማሩት ባክፕሮፓጌሽን በሚባል ዘዴ ነው። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው ዴቪድ ሩመልሃርት፣ ጄፍሪ ሂንተን እና ሮናልድ ዊሊያምስ በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው።

ዘዴውን በኩሽና እናስበው። ትልቅ ድግስ ነው። ወጡ ላይ 100 ሰው እጁን አስገብቷል። አንዱ ሽንኩርት ያቁላላል፣ ሌላው በርበሬ ይጨምራል፣ ሌላዋ ጨው ታደርጋለች፣ ሌላው እሳቱን ይቆሰቁሳል። ወጡ ቀረበ፣ እንግዳው ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። አሁን ጥያቄው የማን ጥፋት ነው? ማንስ ምን ያህል ያስተካክል?

ባክፕሮፓጌሽን ለእያንዳንዱ ሰው የግል ወረቀት ይጽፋል። ለአንዷ «ጨውሽን በ2 ግራም ቀንሺ» ይላል። ለሌላው «በርበሬህ ደህና ነው፣ አትንካው» ይላል። ወረቀቱ የሚጻፈው ስህተቱን በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ከእንግዳው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ወደ ወጥ ሠሪዋ፣ ከእሷ ደግሞ ሽንኩርት ወደከተፈው። በእያንዳንዱ እርምጃ የማን እጅ ምን ያህል እንደነበረበት በሒሳብ ይሰላል። ለማሽን ይህ ድንቅ ዘዴ ነው። ዛሬ የምናያቸው ቋንቋ የሚጽፉና ምስል የሚለዩ ማሽኖች ያለ እሱ አይኖሩም ነበር።

ለአንጎል ግን አይመቸውም። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። መልእክቱ በሲናፕስ በኩል የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ስህተቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ሌላ መንገድ ይኑር ብንል እንኳ፣ ያ መንገድ መልእክቱ ወደፊት የሚሄድበትን መንገድ ጥንካሬ አንድ በአንድ ማወቅ አለበት። በማን በኩል ሊያውቅ ይችላል? ስቲቨን ግሮስበርግ ይህን ችግር በ1987 አንስቶታል። ሌላም ችግር አለ። ባክፕሮፓጌሽን መጀመሪያ ወደፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንጎል ግን ለሒሳብ ብሎ ዓለምን «ቆይ» አይልም። በ1989 ፍራንሲስ ክሪክ፣ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ፣ እዚያው ኔቸር ላይ ብዕሩን አንስቶ ይህ ዘዴ በአንጎል ውስጥ አለ ብሎ ማመን እንደሚከብድ ጻፈ።

ታዲያ አንጎል ውስጥ ምን ይገኛል? ወረቀቱ የለም። የሚሰማው የእንግዳው ድምፅ ብቻ ነው። «ጣመኝ» ወይም «አልጣመኝም»። ይህን ድምፅ ኩሽና ውስጥ ያለው 100 ሰው ሁሉ እኩል ይሰማዋል። ከዚህ ውጪ ሌላ መረጃ የለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ከዚህች አንዲት ቃል እንዴት ያውቃል?

የማይታመኑት ሲናፕሶች

መልሱ የተደበቀው እንደ ጉድለት ሲታይ በኖረ ነገር ውስጥ ይመስለኛል።

በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ በርናርድ ካትዝ እና ባልደረቦቹ የእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ያጠኑ ነበር። ያገኙት ነገር ይህ ነው። ነርቩ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኬሚካል እየለቀቀ ነው። ኬሚካሉ እንደ ውኃ አይፈስስም፤ በትንንሽ እሽጎች ነው የሚለቀቀው። እሽጎቹ ደግሞ መቼና ስንት እንደሚለቀቁ በዕድል ነው። ካትዝ ለዚህ ሥራው በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

አንጎል ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ብዙ ሲናፕሶች፣ መልእክት ሲደርሳቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ምንም አይለቁም። መልእክቱ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ስልክ ቢሆን ወዲያው እንቀይረው ነበር።

ሴሉ ራሱ ደካማ ሆኖ ነው እንዳንል ደግሞ፣ በ1995 ዛክ ማይነን እና ቴሬንስ ሴይኖስኪ አንድ ደስ የሚል ሙከራ አደረጉ። የነርቭ ሴል ወስደው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ በቀጥታ አስገቡበት። ያንኑ ኤሌክትሪክ ደጋግመው ሰጡት። ሴሉ በየዙሩ በዚያው ቅጽበት ተኮሰ፣ ማለትም የራሱን የኤሌክትሪክ ምልክት ላከ፤ ልዩነቱ ከሺህኛ ሰከንድ የማይበልጥ ነበር። ሴሉ ሲፈለግ ጠንቃቃ ነው። ዕጣው በአብዛኛው የሚጣለው ሲናፕሱ ላይ ነው።

ይህን ለምን እንደሚያደርግ የተለያየ ሐሳብ አለ። አንዳንዶች ኃይል ቁጠባ ነው ይላሉ፤ ይህም ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ሰባስቲያን ሱንግ ግን በ2003 አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ሲናፕሱ ዕጣ የሚጥለው ለመማር ነው አለ። ሁለቱ ሐሳቦች አይጣሉም። እያንዳንዱ ሲናፕስ ሽልማት ፈላጊ ነው። ለቅቆ ሽልማት ከመጣ ወደፊት የመልቀቅ ዕድሉን ይጨምራል። ሳይለቅ ቀርቶ ሽልማት ከመጣ ደግሞ የመልቀቅ ዕድሉን ይቀንሳል። በቃ። ሌላ ነገር ማወቅ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ስሰማው አልተዋጠልኝም። ይህን ያህል ቀላል ሕግ እንዴት ይሠራል? በቁጥር ሠርቼ ሳየው ነው የገባኝ። እስቲ አብረን እንሥራው።

የ10 ቀን ሒሳብ

አንድ ነርቭ ሴል እንውሰድ። በዕለት ተዕለት ሥራው ከ10 ጊዜ 3ቱን ይተኩሳል፣ 7ቱን ዝም ይላል። መተኮሱን 1፣ ዝምታውን 0 እንበል። ልማዱ 0.3 ነው። ዛሬ ከተኮሰ ከልማዱ በ0.7 በልጧል። ዝም ካለ ከልማዱ በ0.3 አንሷል።

ሽልማቱንም እንዲሁ እንለካው። ዋናው ነገር ዛሬ የመጣው ሽልማት ከሚጠበቀው በስንት እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ነው።

ሕጉ ሁለቱን ያባዛቸዋል። «ከልማዴ በስንት ወጣሁ» ሲባዛ «ሽልማቱ ከሚጠበቀው በስንት ወጣ»። ለውጡ ዝግ ያለ እንዲሆን ደግሞ በ0.1 ይባዛል።

አሁን ሴሉ ለውጤቱ ምንም አስተዋጽኦ የለውም እንበል። ሽልማቱ በሌሎች ምክንያት ከሚጠበቀው በ2 በልጧል። ሴሉ ዕጣ ደርሶት ከተኮሰ 0.1 ሲባዛ በ0.7 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 0.14 ያተርፋል። ያላግባብ ተመሰገነ። ዝም ካለ ደግሞ 0.06 ይቀነስበታል። ያላግባብ ተቀጣ። እንዲህ ያሉ 10 ቀኖችን እንደምር። 3 ጊዜ 0.14 ማለት 0.42 ትርፍ ነው። 7 ጊዜ 0.06 ማለት 0.42 ኪሳራ ነው። ዜሮ! ያላግባብ የመጣው ምስጋናና ያላግባብ የመጣው ቅጣት ልክ ለልክ ተጣፉ።

አሁን ደግሞ የሴሉ መተኮስ በእርግጥ ይጠቅማል እንበል። ሲተኩስ ሽልማቱ 5፣ ዝም ሲል 3 ነው። የሚጠበቀው አማካይ 3.6 ይሆናል። ሲተኩስ ሽልማቱ በ1.4 ይበልጣል፤ ለውጡ 0.098 ነው። ዝም ሲል ሽልማቱ በ0.6 ያንሳል፤ ራሱም ከልማዱ በ0.3 አንሷል። አሉታዊ በአሉታዊ ሲባዛ አዎንታዊ ስለሚሆን ለውጡ 0.018 ነው። ዝም ያለ ቀን ነገር መበላሸቱ ራሱ «ተናገር» ብሎ መከረው። በ10 ቀን ድምሩ 0.42 ጭማሪ ነው።

ሴሉ ወረቀት አልደረሰውም። ጎረቤቱ ምን እንደሠራ አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ዕጣና ለሁሉም እኩል የተሰማውን ድምፅ ብቻ ነው። ሆኖም በአማካይ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሄደ። ይህ እንዲሆን ግን ሴሉ መዋዠቅ አለበት። ሁልጊዜ የሚተኩስ ወይም ሁልጊዜ ዝም የሚል ሴል የሚያወዳድረው ነገር የለውም።

ይህን ሕግ በ1992 በሒሳብ አሟልቶ ያቀረበው ሮናልድ ዊሊያምስ ነው። ስሙን ከላይ አይተነዋል፤ ከ1986ቱ ሦስት ጸሐፊዎች አንዱ። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ሰው እጅ ማለፋቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የየኔታ ዘንግ

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ተማሪው ዜማውን ይላል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲስት ዘንጋቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ። የጉሮሮህን የትኛውን ጡንቻ በስንት ሳብ አይሉትም፤ ሊሉትም አይችሉም። ተማሪው ይደግመዋል፣ ትንሽ ይለውጠዋል፣ ዘንጉ ዝም ሲል ያንን ይይዛል።

አንጎል ውስጥ ይህን ዘንግ የሚይዘው ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል ይመስላል። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዝንጀሮዎችን ጭማቂ እየሰጠ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሴሎች የኤሌክትሪክ ምልክት ይቀዳ ነበር። ሴሎቹ የሚነቃቁት ጭማቂ በመምጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠበቅ ሲመጣ ነው። የተጠበቀው ጭማቂ ሲመጣ ዝም ይላሉ። የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ከወትሮው ዝቅ ይላሉ። በ1997 ከፒተር ዳያን እና ሪድ ሞንታግ ጋር ሆኖ ሲተነትነው፣ ከላይ በሒሳባችን ያየነው «ከሚጠበቀው በስንት ወጣ» የሚለው ቁጥር ሆኖ ተገኘ።

ወደ ወፋችን እንመለስ። በ2016 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሲ ጎልድበርግ እና ባልደረቦቹ የሚዘምሩ ዘብራ ፊንቾችን ዶፓሚን ሴሎች ቀዱ። ወፉ ሲዘምር ኮምፒውተሩ አልፎ አልፎ አንዷን ቃና ሆን ብሎ ያበላሽበታል። ወፉ የተሳሳተ ይመስለዋል። ቃናው ሲበላሽ ሴሎቹ ዝቅ አሉ። ይበላሻል ተብሎ ሳይበላሽ ሲቀር ደግሞ ከፍ አሉ። ጭማቂ የለም፣ ምግብ የለም። ዳኛው የወፉ የራሱ ጆሮ ነው። የኔታ አንጎሉ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ኤቭረን ቱመር እና ማይክል ብሬነርድ ቤንጋሊዝ ፊንች በተባለ ሌላ ወፍ ላይ የሠሩት ደግሞ ሕጉ ምን ያህል ስስ መዋዠቅ እንደሚበቃው ያሳያል። ወፎቹ ዜማቸው የረጋ ትልልቆች ነበሩ። ኮምፒውተር አንዷን ቃና እየተከታተለ፣ ወፈር ስትል የሚረብሽ ድምፅ ያሰማል፤ ቀጠን ስትል ይተዋቸዋል። ወፎቹ በጥቂት ቀናት ቃናዋን አቀጠኗት። የረጋ በሚመስለው ዜማ ውስጥ ለጆሮ የማትታወቅ ትንሽ መዋዠቅ ቀርታ ነበር። እሷን ተጠቅመው ነው የተማሩት።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሽልማቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲናፕሱ ከሰከንድ በፊት የጣለውን ዕጣ እንዴት ያስታውሳል? በ2014 ቶኪዮ ውስጥ የሃሩዎ ካሳይ ቡድን በአይጥ አንጎል ላይ ይህን ለካ። ሲናፕሱ ከሠራ በኋላ ዶፓሚን ከ0.3 እስከ 2 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረሰ ሲናፕሱ ይወፍራል። ከዚያ ከዘገየ ምንም ለውጥ የለም። ሲናፕሱ ትንሽ ምልክት በራሱ ላይ ጥሎ ይጠብቃል ማለት ነው። «እኔ ነበርኩ፤ የሚመሰገን ካለ ቶሎ ይበል» እንደማለት።

ዋጋው

እስካሁን ያወራሁት መልካም መልካሙን ነው። ግን ይህ ሕግ ውድ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ወደ ኩሽናው እንመለስ። 100 ሰው በአንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይለውጣል። የሚሰማው ግን አንድ ድምፅ ነው። የአንዷ እጅ የሚታወቀው የ99ኙ ዕጣ እየተጣፋ ሲሄድ ነው። ለዚያ ደግሞ ብዙ ድግስ ያስፈልጋል። ሰዎቹ በበዙ ቁጥር የሚያስፈልገው ድግስም አብሮ ይበዛል። ጀስቲን ወርፌል፣ ሺያዎሁዪ ሺ እና ሱንግ በቀላል መረብ (እርስ በርስ በተያያዙ ሰው ሠራሽ ሴሎች) ላይ በሒሳብ እንዳሳዩት፣ እያንዳንዱን ግንኙነት በዘፈቀደ እየነቀነቁ መማር ከባክፕሮፓጌሽን የሚዘገየው በግንኙነቶቹ ብዛት ልክ ነው። ሴሎቹን እየነቀነቁ መማር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በሴሎቹ ብዛት ልክ ይዘገያል። የሰው አንጎል ደግሞ ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭ ሴሎች አሉት።

ለወፉ ይበቃዋል። ኢላ ፊዬቴ፣ ፊ እና ሱንግ በ2007 ባቀረቡት ሞዴል ወፉ በሚለማመድበት ጊዜ ውስጥ በዚህ ሕግ ዜማውን መማር እንደሚችል አሳይተዋል። ዜማ አንድ ጠባብ ሥራ ነው፤ የሚዋዥቁትም ሴሎች ጥቂት ናቸው። ማየት፣ ማንበብ፣ ሰውን በፊቱ መለየት ግን በዚህ ብቻ የሚገፋ አይመስለኝም። ሌላ አጋዥ ያስፈልጋል።

አጋዥ የሚሆኑ ሐሳቦች አሉ። በ2016 ቲሞቲ ሊሊክራፕ እና ባልደረቦቹ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ስህተቱን የሚመልሰው መንገድ ወደፊት የሚሄደውን መንገድ ጥንካሬ ማወቅ ግዴታው አይደለም። በዘፈቀደ የተሠራ መንገድ ቢሆንም መረቡ ራሱ ቀስ በቀስ ከእሱ ጋር ይስማማል። የግሮስበርግ ችግር ግማሽ መልስ አገኘ። ግማሽ ያልኩት ትልልቅና ጥልቅ መረቦች ላይ ዘዴው ስለሚዳከም ነው።

ሌላው መንገድ ከፊዚክስ የመጣ ነው። በ1985 ዴቪድ አክሊ፣ ሂንተን እና ሴይኖስኪ የቦልትዝማን ማሽንን አቀረቡ። እዚህ ሴሎቹ ዕጣ የሚጥሉት ሽልማት ፍለጋ አይደለም። ዓለምን በራሳቸው ውስጥ ለመሣል ነው። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ይሠራል። አንዴ ዓይኑን ከፍቶ ከውጭ የመጣውን ያያል። አንዴ ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ዕጣ ያልማል። ነቅቶ ሳለ አብረው የተኮሱ ሁለት ሴሎች ግንኙነታቸው ይጠብቃል። ሲያልም አብረው የተኮሱ ይላላል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ፣ ማለትም ሕልሙ እውነቱን ሲመስል፣ መማሩ ይቆማል። ሲናፕሱ የሚያየው ሁለቱን ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው የመማር ሕጎች ሁሉ ይበልጥ ውብ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ነው። ችግሩ ማሽኑ እስኪረጋጋ መጠበቁ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የሆነ ሆኖ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ለሂንተንና ለጆን ሆፕፊልድ ሲሰጥ የቦልትዝማን ማሽን ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ነበር።

አሁን ለምን?

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ የሚመስለው ካለ የ2025ን ጥር ያስታውስ። የቻይናው ኩባንያ ዲፕሲክ አርዋን የተባለውን ሞዴሉን አወጣ። ሞዴሉ ሒሳብና ኮድ የተማረበት መንገድ ይህን ይመስላል። ለአንድ ጥያቄ ብዙ መልሶችን በዕጣ ያመነጫል። መልሶቹ ይታረማሉ። ከቡድኑ አማካይ በላይ የሆኑት ይበረታታሉ፤ በታች የሆኑት ይቀነሳሉ። በሒሳባችን የነበረውን የ3.6 ቦታ እዚህ የያዘው የቡድኑ አማካይ ነው። በሰው ምዘና የተገሩት እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የዊሊያምስ የ1992 ሕግ ነው ስሙን እየቀያየረ የሚሠራው።

ግን ልብ እንበል። ዕጣው የሚጣለው ቃል ሲመረጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በቢሊዮን ለሚቆጠሩት ግንኙነቶች ድርሻቸውን የሚያከፋፍለው አሁንም ባክፕሮፓጌሽን ነው። ከውጭ ወፍ፣ ከውስጥ ሒሳብ አዋቂ። እኔ ይህ ቅይጥ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አንጎልም የራሱ ቅይጥ ቢኖረው አይገርመኝም፦ ለድርጊት ዕጣና ዶፓሚን፣ ለስሜት ሕዋሳት ደግሞ ሌላ፣ ቀጥተኛ የሆነ ምሪት።

በሌላ በኩል የመነቅነቁ ዘዴ ራሱ ባልተጠበቀ ቦታ ተመልሷል። ባክፕሮፓጌሽን ወደ ኋላ ለመመለስ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ማስታወስ አለበት። ይህ ብዙ ሜሞሪ ይበላል። በ2023 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ሜዞ የተባለ ዘዴ አወጡ። የተማረ የቋንቋ ሞዴል ይወስዳሉ፣ ግንኙነቶቹን ሁሉ በዘፈቀደ ትንሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው፣ የትኛው እንደተሻለ ያያሉ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። 80 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አንድ የግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ) ላይ በባክፕሮፓጌሽን ማስተካከል የሚቻለው 2.7 ቢሊዮን ግንኙነት ያለው ሞዴል ነበር። በሜዞ 30 ቢሊዮን ያለውን አስተካከሉ።

የወርፌል ሒሳብ ይህ እንደማይሠራ ነው የሚነግረን። የሠራበት ምክንያት ሞዴሉ ቀድሞ ስለተማረ ነው። ቁጥሮቹ ብዙ ቢሆኑም ለአዲሱ ሥራ ለውጥ የሚያመጡት አቅጣጫዎች ጥቂት ናቸው። አንድ ካርድ ብቻ ላለው ተማሪ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአንጎልም ፍንጭ ይሰጣል። ወፉም ባዶ አንጎል ይዞ አይጀምርም።

የኃይሉ ጉዳይም አለ። የሰው አንጎል የሚሠራው በ20 ዋት ገደማ ነው። ዛሬ ሞዴሎች ከሚሠለጥኑባቸው ካርዶች አንዱ፣ የኤንቪዲያው ኤች100፣ ብቻውን እስከ 700 ዋት ይወስዳል። የሚፈለጉት ደግሞ በሺዎች ነው። ስለዚህ እንደ ነርቭ የሚተኩሱ ቺፖች የሚሠሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ኢንቴል በ2024 ያሳየው ሃላ ፖይንት 1.15 ቢሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮች አሉት፤ ቢበዛ 2,600 ዋት ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ነርቭ ጎረቤቱን ብቻ እያየ የሚማርበት ሕግ ቅንጦት አይደለም። መረጃን ከዳር ዳር ማመላለስ ራሱ ኃይል ይፈጃል።

ወፉ ላይ ግን ማሽኖቻችን ገና ያልደረሱበት አንድ ነገር አለ። በ2005 ካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሚሚ ካኦ፣ አሊሰን ዱፕ እና ብሬነርድ ስለ ኤልማን ሌላ ጥናት አውጥተዋል። የረጋ ዜማ ያለው ወንድ ብቻውን ሆኖ ሲዘምር ዜማው ትንሽ ይዋዥቃል። ሴት ፊቱ ስትመጣ መዋዠቁ ይቀንሳል፤ የኤልማን ሴሎችም አተኳኮስ የተስተካከለ ይሆናል። ኤልማንን ካጠፉት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። ብቻውን ሲሆን ይሞክራል። እሷ ፊት የሚያውቀውን ይዘምራል። በማሽኖቻችን ላይ ይህን መዋዠቅ የሚወስነው «ሙቀት» የሚባል ቁጥር ነው። እሱን የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የተቀመጠ ሰው ነው።